የካሜራው ፊርማ

ካሜራዬ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላው ዝም ብሎ ያቆማል። አያስጠነቅቅም፣ አይጮህም፣ ይቅርታ አይልም። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትበራው ቀይ ነጥብ ትጠፋለች፣ በቃ። ሰው ንግግር ላይ ይሁን፣ ሙሽራዋ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታልቅስ፣ እሱ ጉዳዩ አይደለም። ከዚያ ደግሞ የቀረጸውን ሚሞሪው ላይ ጽፎ እስኪጨርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል አልታዘዝም ይላል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ስንት ነገር እንዳመለጠኝ ብዘረዝር ነቀምቴ ውስጥ ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠኝ አላገኝም።

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አለችኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ ምስማርና ቁልፍ ሲሸጥ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ትንፋሽ እያጋባሁ ያደግኩ ነኝ። ሰርግ ቤት ስገባ «ካሜራማኑ የት አለ?» ይሉኛል። «እኔ ነኝ» እላለሁ። «አይ፣ ካሜራማኑን ነው የምንለው» ይሉኛል፣ ሴት መሆኔን አይተው። ቱግ እላለሁ። ቱግ ማለት ከአባቴ የወረስኩት ብቸኛ ንብረት ነው።

ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ጋር መኖር እንደምንም ለምጄው ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ በራሴ አቆምና መልሼ አስነሳዋለሁ፤ መዘምራኑ መዝሙር ሲቀይሩ፣ ወይም ሰው ሲያጨበጭብ። አንድ ጊዜ ኡኬ ከተማ ቀለበት ሊደረግ ሲል ካሜራው አልታዘዝ ብሎኝ «ፓስተር፣ በእግዚአብሔር፣ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁኝ!» ብዬ ከኋላ ጮህኩ። ፓስተሩም ደግ ሰው ናቸው፣ ጠበቁኝ። ግን ባዶ እጃቸውን አልጠበቁኝም፤ ስለ ትዕግሥት ሃያ ደቂቃ ሰበኩ። ሙሽራው ቀለበቱን እንደያዘ እኔን ያየበት ዓይን እስካሁን ይከተለኛል።

የወለጋ ሽማግሌ ምርቃት ግን አይጠብቅም። አንዴ ከተጀመረ አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ ይሄዳል፣ ሕዝቡም በየመሃሉ «ሃ ታኡ» ይላል፤ ይሁን፣ ይደረግ ማለት ነው። አዛውንቶቹ «ሃ ታኡ» ሲሉ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹ «አሜን» ይሉና ሁለቱ ቃል ዳሱ ውስጥ ይደባለቃል። በስተመጨረሻ ከወጥ ሠሪዎቹ እስከ ሹፌሩ ድረስ ሁሉም ይመረቃል። ከእኔ በቀር ማለቴ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነኝ፤ ሲያልቅም ከዳሱ ጀርባ ሽቦ እጠቀልላለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ቢላ በምትባል ከተማ አንድ ሰርግ ያዝኩ። የሙሽራዋ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ደብዳቤ ያለ ቁጥር፣ ፋይል ያለ መዝጊያ አይወዱም። ቡና እንኳ ሲጠጡ ስኒውን ቀድሞ በነበረበት ቦታ ላይ ልክክ አድርገው ነው የሚመልሱት። ምርቃታቸው ግን ሌላ ነው። በዚያ አካባቢ እሳቸው ያልመረቁት ሰርግ ቢበላም ቢጠጣም ሰው አይቆጥረውም።

ቆሙ፣ ጀመሩ። እኔ በሰርግ አላለቅስም፤ የሌላ ሰው እንባ ለእኔ የትኩረትና የብርሃን ጉዳይ ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ አድርገው «ይቺ ልጅ የተወለደች ቀን ዝናብ ነበር፤ እኔ ቢሮ ነበርኩ፣ ፋይል ክፍት ትቼ የሄድኩት ያን ቀን ብቻ ነው» ሲሉ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሆዴ ባባ። ዓይኔ ሞላ፣ ስክሪኑ ደበዘዘብኝ። ቀይዋ ነጥብ መጥፋቷን ያወቅኩት እንባዬን በሻርፔ ስጠርግ ነው።  ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። ካሜራውን መልሼ ሳስነሳው ምርቃቱ አልቆ ሕዝቡ ወደ ኬኩ እየተጋፋ ነበር።

ስለዚህ ቪዲዮው ላይ እንዲህ ነው የሚታየው። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «መኒ ኬሰን…» ይላሉ። «ቤታችሁ…» ማለት ነው። ቀጥሎ ኬክ ይመጣል። ባለሦስት ፎቅ ነጭ ኬክ፣ ቢላዋ ተሰክቶበት። ቤታቸው ምን ይሁን? ማንም አያውቅም።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ቪዲዮውን አስረከብኩ። የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ውስጥ ማን ልብ ይላል ብዬ ነዋ። በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። «ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ ሽማግሌው፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ቤታቸው ምን ሆነ?»

 «አባባ፣ ካሜራው ቆመብኝ» አልኩ። እሳቸውም አልተቆጡም፣ እንዲያውም ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ ሳስብ የባሰው መጣ። ቢላ ወሬውን ሰማ። ሰው በየሰርጉ፣ ብርጭቆ ባነሳ ቁጥር «ቤታችሁ ኬክ ይሁን!» ማለት ጀመረ። ሚኒባስ ውስጥ አንዷ የማላውቃት ሴትዮ «አንቺ ኬኳ ነሽ አይደል?» አለችኝ። የዚያች ሙሽራ ባል ደግሞ አስተማሪ ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ቤት ለቀቁ። አንዴ ዝውውር፣ አንዴ አከራይ፣ አንዴ የሚያፈስ ጣሪያ። ዕቃ ባሠሩ ቁጥር ሙሽራዋ ትደውልልኛለች። «ሰላም ነሽ? እኛ ያው ፍራሽ እየጠቀለልን ነው። ቤታችን እንደሆነ አንቺ ጋ ቀርቷል» ትልና ትስቃለች። እኔ አልስቅም። ኧረ በሕግ፣ ካሜራ ቆመ ተብሎ የሰው ጣሪያ ያፈሳል እንዴ!

ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ የደወለችው ግን ታናሽ እህቷ ናት። ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ ወደ ጥር አምጥተውታል። «አባባ ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር አለበት» አለችኝ። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዶ በቀዶ ጥገና ይውጣ ብለዋል፣ ካልወጣ ለሕይወቱ ያሰጋል፤ ሲወጣ ግን ድምፁ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ቀጠሮው ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ስለዚህ የእሷ ምርቃት በድምፁ የሚመርቀው የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ደነገጥኩ። «ታዲያ ለምን እኔን? ሌላ ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ፈልጉ» አልኳት፣ ከልቤ።

«እኔም እንደዚያ ብዬው ነበር፤ አትቀየሚኝ። እምቢ አለ። ያቋረጠችው ትጨርሰው አለ።»

ስልኩን ዘግቼ እዚያው ስቱዲዮው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፣ ደግሞም ፈራሁ፤ ሦስቱ በየተራ ሳይሆን አንድ ላይ።

ሁለተኛ ካሜራ ልከራይ ብዬ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ጥር ነው፣ ነቀምቴ ውስጥ የሚሠራ ካሜራ ሁሉ ተይዟል፤ የማይሠራውም ተይዟል። ተስፋ ልቆርጥ ስል በስልክ የምንጻጻፍበት የሰርግ ቀራጮች ቡድን ውስጥ አንድ መልእክት አየሁ። ለእኔ ዓይነት ካሜራ አዲስ ፈርምዌር ወጥቷል። ፈርምዌር ማለት ካሜራው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይሄን አድርግ፣ ያን ተው የሚለው ፕሮግራም ነው። ሲታደስ ካሜራው ያው ካሜራ ነው፣ ጠባዩ ግን ይለወጣል። አዲሱ ደግሞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ሳያቆም እስከ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ይቀርጻል። ድምፁንም በእጅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላል፤ ድሮ ካሜራው በራሱ ፈቃድ ነበር የሚያደርገው፣ ሰው ትንፋሽ ለመሳብ ዝም ባለ ቁጥር የጄኔሬተሩን ጩኸት እያነሳ። እልል አልኩ። ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ ያገባሁ መስሏት ሮጣ መጣች።

ወዲያው ቢላ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ከእሳቸው ወገን ወፍጮ ይጮኻል፣ ድምፃቸው ሻክሯል። «አባባ፣ አይጨነቁ! የካሜራውን ፈርምዌር አሳድሼ ነው የምመጣው!»

«ምኑን?»

«ፈርምዌሩን!»

 «አሃ፣ ፊርማውን! በፊት የቆመው በእሱ ምክንያት ነው እንዴ?»

በዚያ ጩኸት ውስጥ እኔ የሰማሁት «ፈርምዌር» ሲሉ ነው። «አዎ፣ አሮጌ ስለነበረ ነው!»

«እንዲህ በይኝ እንጂ! ለምን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? ይሄማ የእኔ ሥራ ነው፣ እኔም አንድ ነገር አደርጋለሁ።» ድምፃቸው ውስጥ አራት ዓመት ያልሰማሁት ደስታ ነበር። እንዴት ያለ የገባቸው ሽማግሌ ናቸው ብዬ ተደነቅኩ። የኔ አባት እስካሁን ካሜራዬ ውስጥ ፊልም የሚጠቀለል ይመስለዋል።

ፋይሉን ለማውረድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኔትወርክ የሚይዘው ከአባቴ ሱቅ የበር ጥግ፣ የምስማር ሣጥኑ ላይ ከተቀመጥኩ ብቻ ስለሆነ ሦስቱንም ቀን ምስማር ላይ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ፋይሉን ሚሞሪው ላይ ጫንኩ፣ ባትሪውን ሞላሁ፣ ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ። አባቴ «ምን ይላል?» አለ።

«በማደስ ላይ እያለሁ ካጠፋችሁኝ ዳግመኛ ላልሠራ እችላለሁ ይላል።»

«እንዴ! ሊያድን ነው ሊገድል?» አለና የሱቁን በር ገርበብ አደረገው። ሬዲዮኑንም ዘጋ። ሬዲዮኑ ምን እንዳደረገ አላውቅም። እሺ የሚለውን ስጫነው አንዲት ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረች። በዚህ መሃል አንድ ገበሬ ቁልፍ ሊገዛ ገባ። አባቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ካሜራውን አመለከተው። ሰውየው እኔን አየ፣ አባቴን አየ፣ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ሦስታችን ቆመን መስመሯን እናያለን። ግማሽ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በዓለም ላይ ያሉትን የካሜራ ሠራተኞች በሙሉ፣ ከነአያቶቻቸው፣ በሆዴ ተራገምኩ። ከዚያ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረችና ሞላች። «አሜን» አለ ገበሬው። ቀጥሎም «ቁልፉስ?» አለ።

ደስታዬ ግን ከአሥር ደቂቃ አላለፈም። ሦስት ባትሪ አለኝ፤ አንዱ ከካሜራው ጋር የመጣ ኦርጂናል፣ አርጅቶ የደከመ፣ ሁለቱ ፎርጅድ። ሁለቱን ስከትታቸው ካሜራው «ይህን ባትሪ አላውቀውም» ብሎ ጠፋ። ለስንት ዓመት ያበሉትን ባትሪዎች! አባቴ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ካሜራሽ ዘመድ መለየት ጀመረ» አለኝ። «ቱግ አትበይ፣ የድሮው ይሠራል?» ኦርጂናሉን ከትቼ፣ ካሜራውን ወደ አባቴ አዙሬ ለቀቅኩት። ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ አባቴ ምስማር ሲሸጥ ቀረጸ። ሲያበቃ የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። አንድ ምርቃት ያወጣል ማለት ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አንዲት ኬክ አይጨምርም። ስለዚህ የቀረውን ሰርግ በስልኬ ልቀርጽ፣ ካሜራውን ለምርቃቱ ብቻ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

ከሰርጉ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ቢላ ደረስኩ። ሽማግሌው ከዳሱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ከስተዋል፣ አንገታቸው በነጠላ ተጠምጥሟል፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙ አይበልጥም። ሰላምታው እንዳለቀ ከጎናቸው ቡናማ ፋይል አንስተው፣ አቧራ ባይኖረውም አራግፈው ሰጡኝ። ውስጡ አንድ ወረቀት አለ። ጽሕፈቱ የድሮ ጸሐፊ እጅ ነው፣ አንዱ ፊደል ከሌላው አይነካም።

«ጉዳዩ፦ የካሜራ ፊርማ ስለማሳደስ። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው ካሜራዋ ቀደም ሲል የታደሰ ፊርማ ስላልነበራት በምርቃት ላይ መቋረጧ ይታወሳል። ስለሆነም በዚህኛው ሰርግ ምርቃቱ እስኪፈጸም ድረስ ያለማቋረጥ እንድትቀርጽ የተፈቀደላት መሆኑን እንገልጻለን።» ከሥሩ የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ፣ በፊርማዎቹም ላይ የሰፈሩ ዕድር ክብ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም። ታች ጥጉ ላይ፦ «ግልባጭ፦ ለሙሽራዋ እናት፣ ለፋይል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፈርምዌር፣ ፊርማ። ሳቄ ከእግሬ ጥፍር ተነስቶ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት።

«ሦስት ቀን ፈጀብኝ» አሉ እሳቸው ቀስ ብለው። «አንደኛው ሽማግሌ ሲሬ ሄዶ ነበር፣ ጠበቅኩት። የዕድሩ ጸሐፊ ደግሞ ማኅተሙን ቤቱ ቆልፎበት ገበያ ወርዶ። በእግሬ ተከትዬው ሄድኩ።»

ሳቄ እዚያው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኔ ሦስት ቀን ምስማር ላይ ተቀምጬ ኔትወርክ ስጠብቅ፣ እሳቸው በዚያ ጉሮሮ ሦስት ቀን ለካሜራዬ ፊርማ ሲዞሩ ኖረዋል።  «ልክ ነው አባባ፣ ይሄ ነበር የጎደለው» አልኩ። ከዚህ የተለየ ነገር የሚል ሰው ካለ ይምጣና እሱ ይንገራቸው።

«አሁን ስንት ደቂቃ ተፈቀደ?»

«ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ።»

ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «አንድ ሰከንድ ጨምረው ሠላሳ ለምን አይሞሉትም?»

«ሠላሳ ከሞላ ውጭ አገር ቀረጡ ከፍ ይል ነበር ይባላል፤ ፎቶ ማንሻ መሆኑ ቀርቶ ቪዲዮ መቅረጫ ተብሎ ይመዘገባል።»

«አሃ፣ ቀረጥ!» ፊታቸው በራ። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ እንደዚያ የገባቸው የለም።

«አባባ፣ ምርቃቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አልኳቸው እየፈራሁ።

«እስኪያልቅ» አሉኝ።

በማግስቱ ሰርጉን በስልኬ ቀረጽኩ። ሚዜዎቹ «ካሜራሽ የት ሄደ? ኬክ ሊበላ?» እያሉ አሾፉብኝ። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ሲሰበሰብ ካሜራዬን ስታንዱ ላይ አቆምኩ። ማይኩን ሽማግሌው ነጠላ ላይ ሰካሁ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ፈቱና መዳፋቸው ውስጥ ያዙት። ሕዝቡ ዝም ሲል ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ።

«ፊርማው አለ?»

ፋይሉን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «አለ አባባ!» ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ቀይዋ ነጥብ በራች።

ሁላችንም በታናሽየዋ ይጀምራሉ ብለን ስንጠብቅ «ቅድሚያ ያልተዘጋ ፋይል አለ» አሉና ታላቂቱን ከነባሏ ጠሩ። ጥንዶቹ እያፈሩ መጥተው ፊታቸው ቆሙ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፣ ልክ ያን ቀን በዘረጉበት ዓይነት። «መኒ ኬሰን…» አሉ፤ ቤታችሁ። እዚያ ላይ ትንፋሽ ለመሳብ ሲያቆሙ አንዱ ከኋላ «ኬክ!» አለ። ሰው አላስችል አለው፣ እሳቸውም በዚያ በሻከረ ጉሮሮ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ጨረሱት። «ቤታችሁ ዕቃ የሚፈታበት እንጂ ዕቃ የሚታሠርበት አይሁን።» ታላቂቱ «ሃ ታኡ!» ስትል ከሕዝቡ ሁሉ ድምጿ በለጠ፤ ማዳመጫዬን ሰንጥቃው ነበር። አለቀሰች፣ እኔም ማልቀስ አማረኝ። ግን ቀይዋን ነጥብ እያየሁ «ወየውልሽ!» አልኩ ለራሴ።

ከዚያ ወደ ታናሽየዋ ሄዱ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ መጣ።  ነጥቧ እንደበራች አለፈች። ካሜራውን ልስመው ምንም አልቀረኝም። ድምፃቸው እየቀጠነ ሲሄድ በጣቴ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ሲያርፉ ጄኔሬተሩ እንዳይገባ ዝቅ አደርገዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሳው፣ በየአገሩ ስለተበተነው ዘመድ፣ ስላልተወለዱት ልጆች ተናገሩ። ሃያ አምስተኛው ላይ የባትሪው ምልክት ቀይ ሆነ። ሃያ ስምንተኛው ላይ ድምፃቸው ሹክሹክታ ብቻ ቀረ፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው መስማት ስላልቻለ ከንፈራቸውን እያየ ነበር «ሃ ታኡ» የሚለው። በማዳመጫዬ ግን እያንዳንዷን ቃል እኔ እሰማለሁ። ያብቁ አባባ፣ ይበቃል፣ አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ አያብቁ አልኩ።

መዳፋቸውን ገልጠው ሰዓቱን አዩ። «የነበረኝን ቃል ሁሉ ለእናንተ አስረክቤአለሁ። እኔ ጋ የቀረ የለም» አሉ። «ሃ ታኡ» አለ ሕዝቡ፣ በዝግታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በጣታቸው ዝጊው አሉኝ። ዘጋሁት።

ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ። ሰውየው ዳኑ፣ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም።

ቪዲዮውን አስተካክዬ ይዤ ቢላ የሄድኩት በመጋቢት ነው፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ከቤት እሳቸውና ሚስታቸው ብቻ ነበሩ። ምርቃቱን ከፈትኩላቸው። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰውዬ አንድ ምርቃት ሲጨርሱ፣ እዚህ የተቀመጡት ሰውዬ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ «ሃ ታኡ» ይላሉ፤ ያለ ድምፅ፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ እስከ መጨረሻው። ሚስታቸው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ የት እንደምገባ አጣሁ።

ሲያልቅ ከጎናቸው ያለውን ደብተር ሳቡና ጻፉ። «ስንት ሞላ?»

«ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ» አልኩ።

አሰቡ፣ ጻፉ። «አሥራ ስምንት ሰከንድ ተርፏል።» ከሥሩ አሰመሩበት። ቀጥለው ደግሞ «የአንቺ ነው። በሰርጉ ቀን ሰው ሁሉ ተመርቆ አንቺ ሳትመረቂ ሽቦ ስትጠቀልይ አይቻለሁ። ካሜራውን አቁሚ» ብለው ጻፉ።

ካሜራውን ስታንዱ ላይ አቆምኩ፣ ቀይዋን ነጥብ አበራሁ፣ ከኋላው ወጥቼ ወደ ፊቱ ሄድኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት በዚያ በኩል ቆሜ አላውቅም። ተንበረከክሁ። እሳቸው ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፋቸው ውስጥ ያዙ፣ በሌላው እጃቸው ራሴን ነኩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። በኦሮምኛ ይሁን በአማርኛ አልለየሁትም፤ ዓይኔ ሞልቶ ነበር፣ ያን ጊዜ የሚቆጣኝም የለም። ሰዓቱን አይተው ዝም ሲሉ «ሃ ታኡ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ለካሜራው ሌላ አዲስ ፈርምዌር ወጥቷል አሉ። አላደስኩትም፤ የሦስቱ ሽማግሌዎች ፊርማ ከነማኅተሙ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ይበቃዋል። ያቺን አሥራ ስምንት ሰከንድ ስቱዲዮዬ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ አለ፣ የእኔ «ሃ ታኡ» አለ።